አራተኛው ደረጃ ላይ የቆመችው ልጅ

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ወደሚገኘው የልጄ ቤት ሄጄ ነበር። የገና ጾም ስለሆነ ምሳችን ምስር ወጥና ጎመን ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ከዚያ በላይ የሚያምረኝም የለም። ልጄ ሺፍት ስላላት ምግቡን አቅርባልን ወጣች። እኔና የልጅ ልጄ ሊያ ሶፋው ላይ ቀረን። ሊያ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ሪሞቱን ይዛ ቻናል ስትቀያይር ቆይታ አንድ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ደረሰችና ቆመች።

ድሮ ትልልቆቹ የፊልም ስቱዲዮዎች ለፈረንጅ ገና ያወጧቸው ከነበሩት አጫጭር ፊልሞች አንዱ ነው። ዐሥር ደቂቃ እንኳ አይሞላም። የጊዜው ኮከቦች ወፍራም ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ስጦታ ተሸክመው ይገባሉ። ዛፍ ያስጌጣሉ፤ በረዶ ይወርድባቸዋል፤ ሁለት ቀልድ ይቀልዳሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም ወደ እኛ ዞረው መልካም በዓል ይሉናል።

"አባባ፣ ይሄ ስኖው እኮ ፌክ ነው" አለችኝ ሊያ።

"ኮርንፍሌክስ ነው" አልኳት። "ነጭ ቀለም የተቀባ። ደግሞ የተቀረጸው በካሊፎርኒያ የሐምሌ ሙቀት ነው። ካፖርቱ ውስጥ ላብ በላብ ሆነዋል።"

ዞር ብላ አየችኝ። "አንተ እንዴት ታውቃለህ? እዚያ ነበርክ?"

አንተ ትለኛለች። እናቷ ብዙ ጊዜ አርማታለች፤ እኔ ግን ትቼዋለሁ። አማርኛ ከተናገረችልኝ ይበቃኛል።

"እኔ አልነበርኩም" አልኳት። "የነበሩ ሰው ግን አውቅ ነበር።"

ያን ጊዜ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ከሱዳን ወደ ላስ ቬጋስ ከመጣሁ ገና ስምንት ወሬ ነው። ዊትኒ አካባቢ በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ጽዳት ሠራተኛ ሆኜ ተቀጥሬ ነበር። ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ፎቅ የሌለው፣ የአሸዋ ቀለም የተቀባ ነው። ጧት ከአውቶቡስ ወርጄ ስሄድ የታኅሣሥ ንፋስ ከበረሃው ተነሥቶ ፊቴን ይገርፈኝ ነበር። ፀሐዩ ግን ቦግ ብሏል። በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች ጫፋቸው ላይ በረዶ ይዘዋል፤ ታች ግን የዘንባባው ቅጠል አቧራ ለብሶ ይንኮሻኮሻል። ብርድና ፀሐይ እንዲህ አብረው የሚኖሩበት አገር አይቼ ስለማላውቅ ካፖርቴን ልልበስ ላውልቅ ሳልወስን መንገዱ ያልቅ ነበር።

ስሜ በላቸው ነው፤ እዚያ ግን "ቤል" አሉኝ። ስቀጠር "ምን ሥራ ትችላለህ?" ብለው ሲጠይቁኝ "ጽዳት" ብዬ ነበር። ውሸቴን ነው፤ ከዚያ በፊት ወለል ወልውዬ አላውቅም። የምችለው ፊልም ማሳየት ነበር። ደሴ ሳለሁ አጎቴ የሲኒማ ቤት ኦፕሬተር ስለነበር ስድስት ዓመት ከማሽኑ አጠገብ አልተለየሁም። ፊልም ማሰር፣ ሲበጠስ መቀጠል፣ ድምፁ ሲንሻፈፍ ማስተካከል እሱ ነው ያስተማረኝ። ግን ይህን ሁሉ በምን እንግሊዝኛ ልናገረው? ጽዳት አንድ ቃል ነው፤ አልኩና ተገላገልኩ።

በዚያ ቤት ሚስ ሎይስ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ሰባዎቹን የተሻገሩ፣ ቀጭን፣ ከንፈራቸውን ቀይ ሳይቀቡ ከክፍላቸው የማይወጡ ሰው ናቸው። በእንግሊዝኛ ሁሉም "ዩ" ስለሆነ እንጂ እኔ በልቤ አንቱ እላቸው ነበር። ኮሪደሩን ስወለውል በራቸው ላይ ወንበር አውጥተው ይቀመጡና ያወሩኛል። ከአሥር ቃል ሦስቱን ብሰማ ነው። የቅቤ ብስኩት ይሰጡኛል፤ ጾም መሆኑን ማስረዳት ስላልቻልኩ አመስግኜ ኪሴ እከታለሁ። ቀስ በቀስ ኪሴ ማበጡን አይተው ኖሮ አንድ ቀን በብስኩቱ ፈንታ ብርቱካን ይዘው ጠበቁኝ። ምንም አልጠየቁኝም።

ሚስ ሎይስ ለሰው ሁሉ የሚናገሩት አንድ ነገር ነበራቸው። በወጣትነታቸው ካሊፎርኒያ አንድ የገና ፊልም ላይ ሠርቼአለሁ ይላሉ። ፊልሙ ደግሞ እዚያው ቤት ነበር። አንድ ቸር ሰው የሰጠው አንድ ካርቶን ሙሉ የቆዩ አጫጭር ፊልሞች አዳራሹ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል፤ በየታኅሣሡ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትንሽ ፕሮጀክተር ይታያል። የሳቸው ነው የሚሉት ፊልም በየዓመቱ ይታያል። በየዓመቱም ሚስ ሎይስ ውስጡ የሉም።

ይህ ለሌሎቹ ሽማግሌዎች ጨዋታ ሆኖ ነበር። ካዚኖ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ካርታ ሲያከፋፍሉ የኖሩ አንድ ዲለር፣ ሚስተር ፍራንክ፣ ሚስ ሎይስ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ተነሥተው ያጨበጭባሉ። "ኮከባችን መጣች! ዛሬስ ትታይ ይሆን?" ይላሉ፤ ሰዉ ይስቃል። ሚስ ሎይስም አብረው ይስቃሉ፤ ግን ሊፕስቲኩ ብቻ ነበር የሚስቀው።

ነገሩ ግን ከጨዋታ አልፎ ነበር። ወጥ ቤት የሚሠሩ እትዬ አስካለ የሚባሉ የጎንደር ሴት ነበሩ፤ በዚያ ቤት ከኔ ሌላ ያሉ አበሻ እሳቸው ብቻ ናቸው። ከኔ አራት ዓመት ቀድመው ስለመጡ እንግሊዝኛውን ጥርግ አድርገው ያውቃሉ። አንድ ቀን ድንች እየላጡ "ሰማህ?" አሉኝ። "ሴትዮዋን ወደ ኋለኛው ክፍል ሊያዛውሯቸው ነው።"

የኋለኛው ክፍል በሩ ሁልጊዜ የሚቆለፍ፣ አእምሯቸው የደከመ ሰዎች የሚኖሩበት ነው።

"ለምን?" አልኩ።

"ያልሆነ ነገር ያወራሉ ብለው ነዋ። መድኃኒታቸውንም ሁለት ጊዜ ረስተዋል። የባላቸው ወንድም ልጅ አለ አሉ፣ ከፊኒክስ መጥቶ ይፈርማል። ከገና በፊት ያልቃል።"

የዚያን ሳምንት ቅዳሜ ፊልሙ ሲታይ አዳራሹ በር ላይ መወልወያዬን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የመዝናኛ ኃላፊው ሚስተር ሀርላን ነው። ደግ ሰው ነው፤ ማሽን ግን አይሆንለትም። ፊልሙ ውስጥ ትልቅ ሳሎን አለ፤ ጠመዝማዛ ደረጃ አለ፤ ደረጃው ሥር ዛፍ ቆሟል። ያን ጊዜ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው አንድ ተዋናይ ዛፉ ጫፍ ላይ የብር ኮከብ ለመስቀል መሰላል ላይ ይወጣል። እጁን ዘረጋ። ወዲያው ድምፁ ጧ አለና ሰውየው መሬት ላይ ቆሞ ብርጭቆ ይዞ ታየ።

ለተመልካች ይህ የዓይን ብልጭታ ነው። እኔ ግን ክው አልኩ። እዚያ ቦታ ላይ ፊልሙ ተቆርጧል። ተበጥሶ፣ የተጎዳው ወጥቶ፣ ጫፍና ጫፉ ተጣብቋል። አጎቴ ቢሆን "ጠባሳ" ይለው ነበር።

ሰኞ ጧት ኮሪደሩን ስወለውል ሚስ ሎይስ እንደወትሮው በራቸው ላይ ነበሩ፤ ከንፈራቸውን ግን አልተቀቡም። "ቤል፣ አንተም አላመንከኝም አይደል?" አሉኝ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ እንደገና ነገሩኝ። "ስቴር" የሚል ቃል ይደጋግማሉ። እኔ ደግሞ እስከዚያ ቀን ድረስ የምሰማው "ስታር" ብዬ ነበር። ኮከብ ነበርኩ የሚሉ ይመስለኝ ነበር። አለመግባቴን አዩና ጣታቸውን አየር ላይ እንደ ደረጃ አራመዱት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አራተኛው ላይ አቆሙት። ስቴር ለካ ደረጃ ነው። "እዚህ" አሉ። "ከብዙ ሴቶች ጋር። ሻማ ይዤ። እኔ እዚህ።"

እዚያው ላይ አመንኳቸው። ውሸታም ሰው ራሱን አራተኛ ደረጃ ላይ፣ ከብዙ ሰው መሐል አያቆምም። መሐል ዛፉ ሥር ይቆማል እንጂ።

ወጥ ቤት ሄጄ እትዬ አስካለን "ሚስተር ሀርላንን ያናግሩልኝ" አልኳቸው። "ፊልሙን ልየው። ሙያዬ ነው በሉልኝ።"

"አንተ ልጅ፣ አርፈህ ወለልህን ወልውል" አሉኝ። "ንብረታቸውን ብታበላሽ ሥራህን ታጣለህ። ደግሞ እስከዛሬ ሙያ አለኝ ብለህ ታውቃለህ?"

"አልጠየቁኝማ።"

"ጠይቀውሃል፤ ጽዳት ብለሃል።" ግን ቢላቸውን አስቀመጡ። እጃቸውን በሽርጣቸው ጠርገው ቀድመውኝ ወጡ።

ሚስተር ሀርላን እትዬ አስካለን እየሰማ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። ለወራት ጧት ጧት "ቤል" ብሎ ሰላም ሲለኝ የኖረ ሰው ገና ያን ቀን ያየኝ መሰለኝ። "ሲኒማ ቤት? ስድስት ዓመት?" አለና ቁልፉን ሰጠኝ። "በምሳ ሰዓትህ ይሁን። እባክህ እንዳትበጥሰው።"

ፊልሙ የተቀመጠበት ቆርቆሮ ክብ ነው፤ እንደ ዳቦ መጋገሪያ። ስከፍተው ያ የማውቀው፣ እንደ ኮምጣጤ የሚሸት የአሮጌ ፊልም ሽታ ወጣ። ጥቅሉን አንሥቼ ታች የተነጠፈውን ወረቀት ገለጥ ሳደርግ፣ ከሥሩ በዛገ የወረቀት መያዣ የታሰረ ቁራጭ ተጠቅልሎ አገኘሁ። ሁለት ክንድ ከስንዝር ያህል ይሆናል። የማሽኑ ጥርስ የሚገባባቸው የዳር ቀዳዳዎች ተቀደው አልቀዋል። ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ኦፕሬተር ቆርጦ አውጥቶ፣ መጣሉ ግን አላስችለው ብሎ እዚያ አስቀምጦታል። ሰውየውን አላውቀውም፤ ባገኘው ግን እጁን እስመው ነበር።

ወደ መስኮቱ ይዤ አየሁት። ደረጃ አለ። ሻማ የያዙ ሴቶች ቆመዋል። አራተኛው ደረጃ ላይም አንዲት ልጅ አለች። ግን ፊቷ ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። እሳቸው ይሁኑ አይሁኑ በምን ልለይ?

ለእትዬ አስካለ ነገርኳቸው። "ካልሆኑስ?" አሉኝ። "እስካሁን አልታዩም ነው የሚባለው፤ ታይቶ ሌላ ሰው ከሆነ ግን በቃ፣ ራስህ አስፈረድህባቸው።"

ይህ ቃል ሁለት ቀን እንቅልፍ ነሣኝ። ቁራጩን ወደነበረበት መመለስ እችል ነበር፤ ማንም አያውቅም። ግን አራቱ የጣት እርምጃ ከዓይኔ አልጠፋ አለኝ። በሦስት የምሳ ሰዓት የተቀደዱትን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በቀጭን ፕላስተር ደግፌ፣ በምላጭ ቆርጬ፣ ቁራጩን ከቦታው ቀጠልኩት። ለሚስ ሎይስ አልነገርኳቸውም። ተስፋ ሰጥቼ እንዳልነጥቃቸው ፈርቼ ነበር።

ከፈረንጅ ገና በፊት የነበረው ቅዳሜ መጣ። የባላቸው የወንድም ልጅም መጥቷል፤ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ጨዋ፣ የደከመው ሰው ነው። ወረቀቱ ያለበትን ማኅደር ጉልበቱ ላይ አድርጎ ከሚስ ሎይስ አጠገብ ተቀመጠ። ሚስተር ፍራንክ እንደልማዳቸው አጨበጨቡ። ሚስተር ሀርላን መብራቱን አጠፋና "ዛሬ ቤል ነው የሚያሳየን" አለ። አንዳንዶቹ ዞር ብለው ፈለጉኝ፤ መወልወያ ስላልያዝኩ ነው መሰል ቶሎ አላወቁኝም።

ማሽኑን አስነሣሁ። ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ነው። ጣቴን ፊልሙ በሚታጠፍበት ቦታ ላይ አድርጌ አባበልኩት፤ እንዲህ ካልደገፉት የታከመ ፊልም አያልፍም። ተዋናዩ መሰላሉ ላይ ወጣ። እጁን ዘረጋ። ትንፋሼን ያዝኩ።

አለፈ። ስድስት ሴኮንድ ቢሆን ነው። ደረጃው ታየ፤ ሻማ የያዙት ሴቶች ሁሉ ወደ ተዋናዩና ወደ ኮከቡ አንጋጠው ያያሉ። አራተኛው ደረጃ ላይ ያለችው ልጅ ብቻ ወደ ግራ፣ ወደ ጎን ወደ ታች ታያለች፤ ሳቋን መያዝ አቅቷት ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ተዋናዩ ብርጭቆ ይዞ ቆመ።

ቀድመው የተናገሩት ሚስተር ፍራንክ ናቸው። "መልሰው" አሉ። ቀልድ በድምፃቸው ውስጥ አልነበረም። "ልጄ፣ መልሰህ አሳየን።"

በእጄ አጠንጥኜ መለስኩት። ሁለተኛ ሲያልፍ ሚስተር ፍራንክ ከወንበራቸው ተነሥተው መጋረጃው አጠገብ ድረስ ሄዱ። አንዴ ልጅቷን፣ አንዴ ሚስ ሎይስን አዩ። የሰው ፊት ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። "አፍንጫው የሷ ነው" አሉ። "አገጩም የሷ ነው።" ከዚያ ወደ ሚስ ሎይስ ዞረው ጎንበስ አሉ። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ሎይስ።"

ሚስ ሎይስ ግን እሳቸውን አልሰሙም። መጋረጃውን እንዳዩ ቀርተዋል። "ኮከቡን እዩ ተብለን ነበር" አሉ። "እኔ አናጺውን አየሁ።"

የወንድም ልጁ ጎንበስ ብሎ "የትኛውን አናጺ?" አላቸው።

"ቶምን ነዋ፤ አጎትህን። ያንን ደረጃ የሠራው እሱ ነው። እንዳይነቃነቅብን ከጎን ተንበርክኮ ይዞት ነበር። ምስማሩን በከንፈሩ ይዞ ፊቱን እያጣመመ ያስቀኛል። ያን ቀን ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር። ዳይሬክተሩ ተቆጣና ሁለተኛ አልጠራኝም።"

"አልቆጨሽም?" አሏቸው ሚስተር ፍራንክ።

"ሠላሳ አንድ ዓመት አብረን ኖርን" አሉ ሚስ ሎይስ።

እትዬ አስካለ ከወጥ ቤት ወጥተው በር ላይ ቆመው ነበር፤ ያልገባኝን ቀስ እያሉ በአማርኛ ነገሩኝ። የወንድም ልጁ ማኅደሩን ወንበሩ ሥር አስቀመጠና ወደኔ ዞረ። "እባክህ አንድ ጊዜ ጨምርልኝ፤ ምናልባት አጎቴን አየው ይሆናል" አለኝ። አጎቱ ፊልሙ ውስጥ እንደሌለ፣ ያለው ከጠርዙ ውጪ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግን ጨመርኩለት። በሦስተኛው ላይ ፊልሙ እዚያው ቦታ ላይ ተበጠሰ፤ ነጭ ብርሃን መጋረጃውን ሞላው። ማንም አልተቆጣም። ሚስተር ሀርላን ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝና "ነገ ትቀጥለዋለህ" አለኝ።

ወረቀቱ ያን ቀን አልተፈረመም። ተረት ብናደርገው እዚህ ላይ እንጨርሰው ነበር። እውነቱ ግን ሚስ ሎይስ በዓመቱ አእምሯቸው በርግጥ ደከመና ወደ ኋለኛው ክፍል ገቡ፤ ብዙም ሳይቆዩ እዚያው ዐረፉ። ያ ፊልም ከእርጅና አላዳናቸውም። ከሐሜት ግን አድኗቸዋል። ያቺን አንድ ዓመት ሰዎች ወሬያቸውን ቀርበው እየሰሙ፣ ስለ ሐምሌው ሙቀት፣ ስለ ኮርንፍሌክሱ በረዶ፣ ስለ ቶም እየጠየቋቸው ኖሩ። ሚስተር ፍራንክ ከጎናቸው ወንበር ይይዙላቸው ነበር።

እኔም የቅዳሜው ፊልም አሳዪ ሆንኩ። ቆይቶ ሚስተር ሀርላን በጻፈልኝ ደብዳቤ እውነተኛ ሲኒማ ቤት ገባሁና ማሽኑ ሁሉ ወደ ዲጂታል እስኪቀየር ድረስ እንጀራዬን በዚያ በላሁ። "ምን ትችላለህ?" ሲሉኝ ከዚያ ወዲህ አጥርቼ እናገራለሁ። ሰው የሚችለውን ሲደብቅ ትሕትና ይመስለዋል፤ የኔው ግን ፍርሃት ነበር።

አሁን ሳስበው የነዚያ ኮከቦች ስም ዛሬም ይታወቃል፤ ፊልማቸው በስልክ እንኳ ይገኛል። ሻማ ይዘው ደረጃው ላይ የቆሙት፣ ደረጃውን የቸነከሩት፣ ኮርንፍሌክሱን ከላይ ሲበትኑ የዋሉት ስማቸው የትም አልተጻፈም። ተረስተዋል እንል ይሆናል። እኔ ግን እያንዳንዳቸውን አንድ ቦታ፣ አንድ ሰው በስማቸው እየጠራ ምሳ ቀርቧል ይላቸው እንደነበር አልጠራጠርም።

ይህን ሁሉ ለሊያ ስነግራት ፊልሙ አልቆ ሌላ ተጀምሮ ነበር። አሁን ደግሞ ባለቀለም ነው፤ ምግብ የቀረበበት ገበታ፣ ረጃጅም ልብስ የለበሱ ኮከቦች። ሊያ ከሶፋው ወርዳ ምንጣፉ ላይ ቴሌቪዥኑ አጠገብ ተቀመጠች። ገበታው ላይ ያሉትን አላየቻቸውም። ከኋላ፣ ከጠርዙ ጥግ፣ ትሪ ይዛ ግማሽ ፊቷ ብቻ የሚታይ አንዲት ሴት ነበረች።

ሊያ ፊልሙን አቆመችውና ጣቷን አደረገችባት። "አባባ፣ ይቺ ማን ናት?"

"አላውቃትም" አልኳት። "የሚያውቃት ሰው ግን ነበር።"